የእማማ ማይሙና ካናሪ

የውብዳር በየማለዳው አንዲት ሽርጥ ትገልጣለች፤ ያቺን ሽርጥ ገልጣ እስክታይ ድረስ ነፍሷ አትመለስም። ሽርጧ የተደረበችው በሽቦ ቤት ላይ ነው፤ በሽቦ ቤቱ ውስጥ ያለው ደግሞ አንድ ያረጀ ካናሪ ወፍ ነው። እንግዲህ ሳቁ! ጭብጥ ለማይሞላ ወፍ እንዲህ መርበትበት ምን የሚሉት ጅልነት ነው ትሉ ይሆናል። እሷም ብትሆን ድሮ፣ አገሯ ሐይቅ ከተማ ሳለች፣ ይህን ቢነግሯት ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ያ ወፍ አንድ ቀን እግሩን ሰቅሎ ቢገኝ ምን እንደሚከተል ስለምታውቅ ሳቁ ከየት ይምጣ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ገባ ብሎ ያለ፣ ኒም ዛፍ የቆመበት ግቢ ነው። ባለቤቷ እማማ ማይሙና ሰማንያን የተሻገሩ፣ ድሬዳዋ ተወልደው ለባቡር ሠራተኛ ተድረው ጅቡቲ የገቡ ሴት ናቸው። አማርኛቸው እስካሁን የድሬ ነው፤ ቀልዱም ስድቡም አልጠፋባቸውም። ዐይናቸው ግን ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ከሦስት ዓመት ወዲህ ምንም አያይም። የውብዳር አራት ዓመት ሙሉ እያጠበች፣ እያበሰለች፣ እጃቸውን ይዛ እያዞረች አብራቸው ኖራለች።

ወፉን ያመጡት ባላቸው ኢስማኤል ናቸው። ሊሞቱ ዓመት ሲቀራቸው፣ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንሳዊ ላይ በጫጩትነቱ ገዙት። በፈረንሳይኛ ሲትሮን ብለው ጠሩት፤ የውብዳር ደግሞ በአማርኛ ሎሚ አለችው። እነሆ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ። የጎረቤታቸው የሙኒራ አውራ ዶሮ፣ ልጇ የወለደች ጊዜ ታርዶ መረቅ ከሆነ ወዲህ፣ ከአዛኑ ቀጥሎ በዚያ አካባቢ ንጋትን የሚያበስር ከሎሚ በቀር ሌላ አልነበረም። እማማም ሶላታቸውን ጨርሰው ድምፁን ሳይሰሙ ሻይ አይጠጡም።

ልጃቸው ረምዚ የሚኖረው ሊዮን ነው። «ዐይን የሌላት እናቴ ብቻዋን አትቀመጥም» እያለ ሊወስዳቸው ስንት ዘመን ጨቅጭቋል። ባለፈው ረመዳን መጥቶ አላስቆም አላስቀምጥ ሲላቸው እማማ ተቆጡ።

«ይህ ወፍ የአባትህ አደራ ነው» አሉት። «እሱ በሕይወት እስካለ ከዚህ ግቢ አልወጣም። የሞተ ዕለት ግን ትኬት ቁረጥ፤ ወላሂ እመጣለሁ!»

ረምዚ ወፉን ከላይ እስከ ታች አየውና ፈገግ አለ። ምን ቸገረው? ሎሚ ያን ጊዜ እንኳ አንድ እግሩን ያነክስ ነበር። ከዚያ ወደ የውብዳር ዞሮ፣ ክፉ ሳይመስለው፣ «ያኔ ቤቱን አከራየዋለሁ፤ አንቺም ወደ አገርሽ ትገቢያለሽ» አላት።

ወደ አገርሽ! በምን መንገድ? የውብዳር ወረቀት የላትም። ወደ ጅቡቲ የገባችው በእግሯ ነው፤ ጸሐዬ የሚባል የአገሯ ልጅ «ውሃ፣ ውሃ» እያለ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተኝቶ ሲቀር በዐይኗ አይታለች። ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ የነበረችው ጓደኛዋ ሰብሊ ደግሞ ከስምንት ወር በፊት ቲማቲም ልትገዛ እንደወጣች አፈሳ ላይ ወደቀች። አንዴ ብቻ ከጭነት መኪና ላይ ደወለች፤ «የውቤ፣ ወደ ድንበር እየወሰዱን ነው፣ ውሃ እንኳ አልያዝኩም» አለችና ተቋረጠ። ስልኳ እስከ ዛሬ ዝግ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የውብዳር ከግቢው በር አንድ እርምጃ አልወጣችም፤ የሚገዛውን ሁሉ ሙኒራ ናት የምታቀብላቸው። እንግዲህ በእሷና በዚያ ድንጋይ መሃል የቆመው አንድ ሽማግሌ ወፍ ነው።

ስለዚህ ተንከባከበችው፤ ልጅም እንዲህ አይያዝ! ካናሪ ሲያረጅ እንደ ሰው ነው። መዝለል ሲያቅተው የሚያርፍባቸውን እንጨቶች ዝቅ ዝቅ አደረገችለት፤ እግሩን እንዳይቆረቁረውም ጨርቅ ጠቀለለችባቸው። ጥፍሩ አድጎ ሲጠማዘዝ ትንፋሿን ውጣ፣ ደም ሥሩን እንዳትነካ በብርሃን እያየች፣ ጫፍ ጫፉን ቆረጠችለት። የእንቁላል አስኳል ቀቅላ ትፈረፍርለታለች፤ መዳፍ በምታህል ሳህን ለብ ያለ ውሃ አቅርባ ታሳጥበዋለች። የአየር ማቀዝቀዣው ነፋስ እንዳያገኘው ስትል እሷ ራሷ በላብ እየታጠበች ታድራለች። ድምፁ ጎርነን ብሎ አጥሯል፤ ቢሆንም በየንጋቱ አንድ ጊዜ ያዜማል። እሷም «ተመስገን፣ ዛሬም ውለን እናድራለን» ትላለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በሐምሌ ያ ከምድረ በዳ የሚነሣው ትኩስ ነፋስ፣ ኻምሲን የሚሉት፣ ከተማውን ይጠብሰው ጀመር። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። እማማ ቀዝቀዝ ያለው ወለል ላይ ፍራሽ አስነጥፈው ተኝተዋል። የውብዳር እርጥብ ፎጣ በሽቦ ቤቱ ዙሪያ ልትሰቅል ስትቀርብ ሎሚ ከእንጨቱ ወርዶ የሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብሏል። ላባውን ነፍቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ በአፉ ይተነፍሳል።

«ኧረ በሞትኩት!» አለች። ይህን አቀማመጥ ታውቀዋለች። እናቷ ዘንድ ዶሮ ፈንግል ሲይዘው እንዲሁ ተኮማትሮ ላባውን ነፍቶ ይቀመጣል። እማማን ልትቀሰቅስ ዞረችና ቆመች። ታመመ ብላ ከተናገረች ነገ ረምዚ ይሰማል፤ ረምዚ ከሰማ ሐኪም ሳይሆን ትኬት ነው የሚልከው። የወፍ ሐኪም ፍለጋ ከበር ብትወጣ ደግሞ የሰብሊ ዕጣ እዚያው ከበሩ ሥር ቆሟል። ምን ታድርግ? እናቷ የምታደርገውን አደረገች። ነጭ ሽንኩርት ወቀጠች፣ የሎሚ ጭማቂ ጠብ አደረገችበት፣ ወፉን በመዳፏ ይዛ በክብሪት እንጨት ጫፍ በአፉ አንጠባጠበችለት። አንዴ፤ ደግሞ አንዴ። እናቷ እንዲህ ካከመቻቸው ዐሥር ዶሮዎች ስምንቱ ይሞቱ እንደነበር በዚያች ሰዓት ትዝ አላላትም። ፍርሃት መቼ ያስታውሳል!

ሎሚ ራሱን ነቀነቀ፣ አስነጠሰው፣ ከዚያ ጸጥ አለ። እሷም «እንቅልፍ ወሰደው፣ ተሻለው» ብላ ሽርጧን ደረበችለት።

በማግስቱ አዛን ሲል ተነሣች። ሽርጧን በሁለት ጣቷ ያዘች። ገለጠች። ሎሚ በጎኑ ተኝቷል፤ እግሮቹ ተሰብስበዋል፤ ስትነካው ደረቅ ቅጠል ሆኗል። ልትጮህ አፏን ከፈተችና በእጇ አፈነችው። ገደልኩት፤ በገዛ እጄ ገደልኩት፤ ራሴን ገደልኩት። ሌላ ሐሳብ አልመጣላትም።

«የውቤ!» እማማ ከክፍላቸው ተጣሩ። ሶላታቸውን ጨርሰዋል።

«አቤት እማማ!»

«ምነው ዛሬ ዝም አለ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠችው በአፏ አልነበረም፤ በእጇ ነው። ስልኳ በቀሚሷ ኪስ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለእህቷ ለትርሲት፣ ‹ሰው ቤት ውስጥ ወፍ ሲዘፍን ስሚ› ብላ የላከችው የድምፅ ቅጂ አለ። አርባ ሰከንድ ብትሆን ነው፤ ሎሚ ያዜማል፣ እሷ ባልዲ ታስቀምጣለች፣ ዶሮ ይጮኻል፣ ያበቃል። ስልኩን ከሽቦ ቤቱ ኋላ ደገፍ አድርጋ ነካችው። ሎሚ በዚያ በጉልምስናው ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ሬሳው እፊቱ ተጋድሟል።

ከውስጥ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልተሰማም።

«ማሻአላህ» አሉ እማማ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ዛሬስ በርትቷል። ሻዬን አምጪልኝ።»

ወፉን እማማ ሻይ እየጠጡ ሳለ ቀበረችው፤ ግቢው ውስጥ ካለችው፣ ሪሃን የሚሉት በሶብላ ከተተከለባት ጣሳ በቀር ለስላሳ አፈር አልነበረም። ቀብራው እጇን ስትታጠብ ደነገጠች። ለካስ እማማ በየቀኑ ከምሳ በፊት ያቺን ሪሃን ዳብሰው ሳያሸቱ አይውሉም! በዚያው ቀን እጇን ይዘው ወጡ፤ ጣሳዋን ዳበሱ፤ ጣታቸው አፈሩ ላይ ቆየ።

«ለስልሷል። ኮትኩተሽዋል እንዴ?»

«አዎ እማማ… ኮትኩቼዋለሁ።»

«ደግ አደረግሽ» አሉና ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእሷ ግን እያደር ከበደ። በየንጋቱ ስልኩን ትነካለች፤ በየንጋቱ «ዛሬ ያዙኝ» ትላለች። ለሌለ ወፍ ውሃ ትቀይራለች፤ ሲንኳኳ እንዲሰማ የሽቦውን በር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ለሌለ ወፍ እንቁላል ትቀቅልና አስኳሉን ማንም ሳያያት ራሷ ትበላዋለች፤ አልዋጥ እያላት። ሽርጧን ቀን ቀንም ከሽቦ ቤቱ ላይ አታነሣም። ሙኒራ አትክልት ይዛ በመጣች ቁጥር በሩ ላይ ቆማ ትቀበላታለች፤ ወደ ውስጥ አታሳልፋትም። በእንቅልፏ እንኳ ያ ጥቁር ድንጋይ ይመጣባታል፤ ጸሐዬ ተኝቶበት የነበረው ቦታ ላይ የተኛችው እሷ ናት።

በዘጠነኛው ቀን ረምዚ ደወለ። እማማ ስልኩን ጮክ አድርገው ነው የሚያነጋግሩት።

«ያ ወፍ አሁንም አለ?» ሲል ሳቀ። «ሐሙስ እመጣለሁ። የሁለታችንንም ትኬት ይዤያለሁ፤ ከመጣሁ በኋላ እናየዋለን።»

የውብዳር የያዘችው ሳህን ከእጇ ወደቀ። እማማ ወደ ድምፁ ዞር አሉ።

ረምዚ ሐሙስ ከሰዓት ገባ፤ ሻንጣ፣ ቸኮላት፣ ለእናቱ ወፍራም ሹራብ። በዚያ ሙቀት ሹራብ! «ለሊዮን ነው» አላቸው። ወፉን ሲጠይቅ እማማ «ሽማግሌ ከሰዓት በኋላ ይተኛል፤ ጠዋት ትሰማዋለህ» አሉት። ማታውን መብራት ጠፋና አደረ። አርብ ንጋት ላይ የውብዳር ስልኳን ብታየው ሦስት በመቶ ቀርቶታል።

«የአምላክ እናት፣ አርባ ሰከንድ ብቻ» አለች በልቧ። «አርባ ሰከንድ አትንፈጊኝ።»

እናትና ልጅ ሳሎን ተቀምጠው ሻይ ይዘዋል፤ ሽቦ ቤቱ መስኮቱ ጥግ፣ ከእነሱ ዐሥር እርምጃ ያህል ይርቃል። ሽርጧን የምታስተካክል መስላ ጀርባዋን ሰጠቻቸውና ነካችው። ሎሚ አዜመ። ረምዚ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ባልዲው ኳ አለ፣ ዶሮው ጮኸ፣ ስልኩም እዚያው እጇ ላይ ጥቁር ሆነ፤ ጠፋ።

«ይህ ሁሉ ድምፅ የዚያ ወፍ ነው?» ረምዚ ብድግ አለ። «እስቲ ልየው።»

አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። የውብዳር ልትከለክለው ፈለገች፤ እግሯ ከወለሉ አልላቀቅ አላት። የሽርጧን ጫፍ ያዘ።

«ረምዚ!» እማማ ጮኹ። እንዲህ ሲጮኹ ሰምታቸው አታውቅም። «እጅህን ሰብስብ! ላባውን እያራገፈ ነው። በዚህ ጊዜ ባዕድ ሰው ከገለጠው ይደነግጥና ይሞታል። አባትህን አንዴ ቀብሬያለሁ፤ ደግመህ ልታስቀብረኝ ነው የመጣኸው?»

ረምዚ ጫፉን እንደያዘ ቆመ። ዐይኑ ወደ የውብዳር ዞረ። «እውነት ነው?»

የውብዳር ጎንበስ ብላ ከሽቦ ቤቱ ሥር ያለውን ትሪ ሳበች። ከሞተ ወዲህ መጥረግ ፈርታ የተወችው ነው። ሁለት ቢጫ ላባዎች ከጥሬው መሃል ተኝተዋል። ረምዚ አንዷን አነሣ፣ አገላብጦ አያት፣ ተነፈሰ፤ ሽርጧንም ለቀቃት።

«ከእናንተስ ወፉ ይሻላል» አለና ሻዩን ሊጨርስ ተመለሰ። የውብዳር ማድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

እሑድ ከቀትር በኋላ ብቻውን ሄደ። አንደኛውን ትኬት ወደ ሌላ ጊዜ አዛውሮታል። ሹራቡን ግን ወንበር ላይ ትቶላቸው ነው የሄደው። ታክሲው ድምፁ እንደራቀ እማማ ተጣሩ።

«በሩን ቆልፊና ነይ። እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። እማማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ጥግ አዞሩ፤ እሷን ግን አላስቻላትም። እግራቸው ላይ ተደፋች። «እማማ ይቅር ይበሉኝ! እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ ሎሚን…»

የእማማ መዳፍ አፏ ላይ አረፈ። ጠበቅ አድርገው ነው የያዟት።

«ዝም! እንዳትጨርሺው። ከአፍሽ ከወጣ ሰማሁ ማለት ነው። ከሰማሁ ደግሞ መሐላዬ ይይዘኛል። በአላህ ስም ነው የማልሁት፤ ገባሽ? ዐይኔ አላየም፣ ጆሮዬም አልሰማም።»

የውብዳር በመዳፉ ሥር ራሷን ነቀነቀች። እማማ እጃቸውን አነሡና በሩ መቆለፉን ደግመው ጠየቋት። እስከዛሬ ፍርሃት በዚህ ቤት የሚያድረው ከእሷ ጋር ብቻ ይመስላት ነበር።

«ያን ዕለት ቤቱ በነጭ ሽንኩርት ሲታጠን ወጥ ልትሠሪ መስሎኝ ነበር» አሉ እማማ። «ወጡ ግን አልመጣም። ዐሥራ ሦስት ዓመት ለካናሪ ብዙ ነው። ሽንኩርትም ሆነ ኻምሲን ሰበብ ነው፤ በቃ፣ ከዚህ በላይ አንነጋገርበትም።»

«ታዲያ እማማ፣ ለምን… ለምን ዝም አሉ?»

«ረምዚ ዐይኔን ሊያሳክመኝ ሊዮን የወሰደኝ ጊዜ ሦስት ወር ተቀምጫለሁ። አራተኛ ፎቅ ነው። ጠዋት ሁሉም ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። የማላውቀውን ግድግዳ እየዳበስኩ እስኪመለሱ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን መጸዳጃው ጠፍቶኝ…» ቃሉን አልጨረሱትም፤ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ልጄ ክፉ አይደለም። ግን እዚያ ሄጄ በዚያ ጨለማ መሞት እፈራለሁ። እዚህ እያንዳንዱን በር አውቀዋለሁ። አንቺ ብቻ አይደለሽም የውቤ፣ እኔም ፈርቻለሁ። ያን ጠዋት ስልኩን እንዳጫወትሽው ‹አልሐምዱሊላህ፣ ይህችም እንደኔ ፈርታለች› አልኩ።»

ሁለቱም ተያይዘው ትንሽ አለቀሱ።

«እስከ መቼ ነው እማማ? ካናሪ እኮ ሃያ ዓመት አይኖርም። ረምዚ ተመልሶ ይመጣል እኮ!»

«ይመጣል። እሱን ያኔ እንፈራዋለን» አሉ እማማ። እንባቸውን ጠርገው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ፤ በባዶ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን የምፈራው ሙኒራን ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ነን፤ ረምዚ ደግሞ ይደውልላታል። አውራ ዶሮዋ ከታረደ ዓመቱ ነው፤ መረቁን ተቀብለሽ ያመጣሽልኝ አንቺው ነሽ።»

የውብዳር ዞር ብላ ግድግዳውን አየች። ዐሥራ ስንት ንጋት ሙሉ፣ የታረደው ዶሮ በግድግዳው በኩል ሲጮህ!

«ነገ» አሏት እማማ፣ «ዶሮው ሳይጮህ አጥፊው።»